ያቺ ቀጭ ቀጭ የምትለዋ

ዘንዘልማ ውስጥ ከሌሊት እንቅልፉ የሚቀሰቀስ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቄስ፣ አዋላጅና የብሎን ቁልፍ ያለው ሰው። ቄሱ የሚቀሰቀሰው ነፍስ ልትወጣ ስትል፣ አዋላጇ ነፍስ ልትመጣ ስትል ነው። ቁልፍ ያለው ሰው ግን ወቅት የለውም። ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ መሃል ላይ ቀጥ ሲል ይጠራል፤ ነገ በማለዳ ተማሪ የሚያመላልስ ባጃጅ ሞተሩ ሲንተፋተፍ ይጠራል፤ የግቢ በር ማጠፊያው ሲላቀቅም ይጠራል። ደግሞ ቄስና አዋላጅ ሲጠሩ ራሳቸው ተነሥተው ነው የሚሄዱት። ቁልፍ ያለውን ሰው ግን ማንም አይፈልገውም። የሚፈለገው ቁልፉ ነው።

ከባሕር ዳር የጎንደርን መንገድ ይዞ ዓባይን የተሻገረ ሰው ብዙ ሳይርቅ ዘንዘልማ ይደርሳል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ግቢ እዚሁ ነው። ስለ አፈር የሚማረው ተማሪ በአጥሩ ውስጥ፣ አፈሩን የሚያርሰው ገበሬ ከአጥሩ ውጭ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክልና የውሃ ፓምፕ አለ። ይህ ሁሉ ነገር በብሎን የተያያዘ ነው። ብሎን ባለበት መላላት አለ፤ መላላት ባለበት ጎረቤት አለ።

ጎረቤት ዕቃ ሊዋስ ሲመጣ ሥርዓት ያውቃል። «ቁልፍ ስጠኝ» ብሎ አይገባም። «እንደምን አደራችሁ» ይላል። የልጆችን ጤንነት ይጠይቃል፤ የላሟን መውለድ ይጠይቃል፤ ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ መውጣቱን ያነሣል። ቡና ከተፈላ ሁለተኛውን ሳይጠጣ አይነሣም። ተነሥቶ፣ ተሰናብቶ፣ በሩን አልፎ፣ ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ዘወር ብሎ «ለመሆኑ ጋሼ፣ ያቺ ቀጭ ቀጭ የምትለዋ አለች?» ይላል። የመጣው ለእሷ ነው። እኛም የመጣው ለእሷ መሆኑን ገና «እንደምን አደራችሁ» ሲል እናውቃለን። የለችም ማለት አይቻልም፤ ትናንት አጥር ላይ ሆኖ ድምጿን ሰምቷል።

ስለዚህ ለመሣሪያ ሣጥኑ ጥሩ ራቼት ሊገዛ የተነሣ የዘንዘልማ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ የሚገዛው ለራሱ አይደለም። የሰለጠነው ዓለም መመሪያ «የምትሠራውን ሥራ እወቅና መሣሪያህን ምረጥ» ይላል። የእኛ መመሪያ አንድ መስመር ይጨምራል፦ «ማን እንደሚዋስህም እወቅ።»

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ራቼት ጫፏ ላይ አራት ማዕዘን ጉጥ ያላት እጀታ ናት። በጉጡ ላይ እንደ ብሎኑ ልክ የብሎኑን ራስ የሚያቅፍ ቡሶላ ይሰካል። ጭንቅላቷን ከፍተው ቢያዩ ውስጧ ያለው ነገር አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም፦ ዙሪያዋን ጥርስ ያወጣች ክብ ብረት፣ እሷን የምትነክስ ትንሽ ምላስ፣ ምላሷን ከኋላ የሚገፋ ከክብሪት እንጨት የማይረዝም ሞላ። በቃ። እጀታውን ወደ አንድ ወገን ሲጫኑት ምላሷ ጥርሱን ነክሳ ብሎኑን ታዞራለች፤ ወደ ኋላ ሲመልሱት በጥርሶቹ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተች ቀጭ ቀጭ ትላለች። ከላይ ያለችው ትንሽ መቀየሪያ ስትገለበጥ መፍታቱ ማጥበቅ፣ ማጥበቁ መፍታት ይሆናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ራቼት ግን በአንድ ወገን ሞኝ፣ በሌላው ወገን ብልህ ናት። ቁም ነገሯ ሁሉ ይኸው ነው።

ጥቅሟ የሚገባው እጁን የባጃጅ ሞተር ውስጥ ለከተተ ሰው ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር በታች ተሸጉጧል። ተራ ቁልፍ ይዞ የገባ እጅ ትንሽ ዞር እንዳለ ብረት ይገጥመዋል፤ ቁልፉን ያወጣል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይሰካል፣ እንደገና ትንሽ ይዞራል። አንድ ብሎን እስኪወጣ ባለ ባጃጁ የቤተሰቡን ታሪክ ተርኮ ይጨርሳል። ራቼት የያዘ ሰው ግን ቡሶላውን አንዴ ከሰካ በኋላ አያነሣውም፤ ወዲያና ወዲህ ብቻ ነው።

ለዚህ ሲባል ጥርሷ ይቆጠራል። 24 ጥርስ ያላት ራቼት አንድ ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ መሄድ አለባት፤ 36 ያላት 10፣ 72 ያላት 5፣ 90 ያላት 4 ዲግሪ ይበቃታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 360ን ለጥርሱ ማካፈል ነው። ስለዚህ ጥርስ ሲበዛ ጠባብ ቦታ ላይ ትመቻለች። ሱቅ ውስጥ ያለው ወጣትም ይህን ያውቃል፤ «ጋሼ፣ ይቺ 90 ናት!» ይላል፣ የጎረምሳ በሬ ዕድሜ እንደሚያስመርጥ ደላላ። የማይነግረን አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ክብ ዙሪያ ጥርስ ሲበዛ እያንዳንዱ ጥርስ ይቀጥናል። በደንብ የተሠራች እንደሆነ ምላሷ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥርስ ስለምትይዝ ችግር የለም። በግዴለሽነት የተሠራች እንደሆነ ግን 90ው ጥርስ በአንድ ክረምት ይረግፋል። በዚያ ላይ የጣና ዳር ጭቃ አለ። የእኛ ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ሰውን ከነጫማው የሚይዝ አፈር ነው፤ ቀጭን ጥርስ መሃል ከገባማ ምን ይምረዋል? ቦይ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ ፓምፕ ለሚፈታ ሰው፣ ጭንቅላቷ በደንብ የተከደነች ባለ 72 ወይም ባለ 36 ትበቃዋለች።

ቀጥሎ የጉጧ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ዓለም ራሷ ግራ ተጋብታለች። ብሎኑ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፦ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19። ጉጡ የሚለካው ግን በኢንች ነው፦ ሩብ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ግማሽ። ሩቡ 6.35 ሚሊሜትር፣ ሦስት ስምንተኛው 9.5፣ ግማሹ 12.7 መሆኑ ነው። ሜትርን ለዓለም ያስተማሩት ፈረንሳዮች ሳይቀሩ በዚሁ የኢንች ጉጥ ላይ የሚሊሜትር ቡሶላ እየሰኩ ይሠራሉ። የውጭ ሰው በዚህ ይደነቅ ይሆናል። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዘን፣ «ስምንት ሰዓት» ሲባል «በማን?» ብለን የምንጠይቅ እኛ ግን ምን ይገርመናል?

ሩቧ ለትናንሽ ብሎን ናት፤ ለሬዲዮና ለስፌት ማሽን ታምራለች። ግማሿ ለጎማ ብሎን ናት፤ የቶዮታን 21 ቁጥር የጎማ ዳዶ ለመግጠም ያለ እሷ አይሆንም። ለፓምፕ፣ ለባጃጅና ለብስክሌት የምትመቸው መካከለኛዋ፣ ሦስት ስምንተኛዋ ናት። ሱቁ ግን ፊት ለፊት የሚደረድረው ግማሽ ኢንቿን ነው፤ ትልቅ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ደግሞ ከባድ ነገር ይዞ ቢገባ ደስ ይለዋል። ሚስትም «ለዚች ነው ይህን ያህል?» አትልም።

የሱቁን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ «ኦርጅናል» ስለሚባለው ማዕረግ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ገበያ ኦርጅናል ደረጃ አለው። ኦርጅናል አለ፤ «ኦርጅናል ኦርጅናል» አለ፤ «ሁለተኛ ኦርጅናል» አለ። «የየት አገር ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የድሮው ዓይነት ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ሁሉም ላይ ክሮም ቫናዲየም የሚል ጽሑፍ ተመትቷል። ክሮም ቫናዲየም በእርግጥ ጥሩ ብረት ነው፤ ጠንካራም ነው፣ ቶሎም አይሰበርም። ነገር ግን ጽሑፉን ለመምታት ብረቱ መኖር የለበትም። ማኅተም ስላለው ብቻ ወረቀትን ማመን ቀበሌ ውስጥ ያስኬዳል፤ የመሣሪያ ሱቅ ውስጥ አያስኬድም።

እንግዲህ በምን ትለይ? ከዓይን ይልቅ ጣት ያውቃል። ጉጧን በሁለት ጣት ቀለል አድርጎ ይዞ እጀታዋን ወደ ኋላ ማዞር ነው። ጥሩዋ ጣትን ሳትጎትት ቀጭ ቀጭ ብላ ትመለሳለች። መጥፎዋ ጣትን ይዛ ትዞራለች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዳዶው ሊወጣ ሲል ግን ልዩነቱ ይታያል። የላላ ዳዶ እንደ ጣት ነው፤ ራቼቷ ወደ ኋላ ስትመለስ የምትጎትት ከሆነች አሁን የፈታችውን መልሳ ታጠብቀዋለች። ያን ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለች ቀኑን ሙሉ ብትውል ዳዶው ካለበት ፈቀቅ አይልም፤ የአንዳንድ ስብሰባ ጠባይ ነው። ከዚያ ገልብጦ ጀርባዋን ማየት ነው። ክዳኗ በትናንሽ ብሎን የታሠረ ከሆነ ተከፍታ ልትጸዳ፣ ሞላዋም ልትቀየር ትችላለች። ክዳኗ የማይከፈት ከሆነ ዋልካ በገባባት ቀን ቀብሯ ነው። ከፍቶ ያጸዳትም ሰው ወፍራም ግሪስ አይሙላባት፤ ምላሷ ታስራ ትቀራለች። ጥቂት ዘይት ይበቃታል።

ቡሶላውስ? ስድስት ማዕዘን ያለው አለ፣ ዐሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው አለ። ዐሥራ ሁለቱ ለመሰካት ይቀላል፤ ነገር ግን ብሎኑን የሚይዘው በጫፍ በጫፉ ነው። ክረምት የዛገበትን የፓምፕ ብሎን እንደዚያ የያዘ ሰው የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል። ብሎን ክብ ከሆነ በኋላ የሚሆነው ጸሎትና መሮ ነው። ስድስቱ ጎን ለጎን ስለሚይዝ ለዛገ ብሎን እሱን ይዞ መግባት ነው። የፓምፑን ካንዴላ ለመፍታት ደግሞ ረጅሙ 21 ቁጥር ቡሶላ ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ ውስጥ መኖሩን ሳያዩ ከሱቅ መውጣት አይገባም።

ዓለም እዚህ ለመድረስ ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1863 ቨርሞንት በምትባል የአሜሪካ ግዛት ሪቻርድሰን የሚባል ሰው ቡሶላ የሚሰካባት ራቼት ሠርቶ የባለቤትነት መብት አወጣ። በዚያው ዘመን ከእኛ በወረታ በኩል ታጥፎ በሚደረሰው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ ያስቀጠቅጡ ነበር። ቨርሞንት ያለው ሰው ብሎን እንዴት በቀላሉ እንደሚፈታ ሲያስብ፣ ጋፋት ያሉት ደግሞ ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ እንዴት አቅልጠው እንደሚሠሩ ያስቡ ነበር። ንጉሡ ትንሽ ቁልፍም አዘው ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ተውሶ ሳይመልስ በቀረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ አምስት እጀታና ዐሥር ቡሶላ ብቻ ይዞ «አምስቱ የሃምሳውን ሥራ ይሠራሉ» እያለ መሸጥ ጀመረ፤ ስናፕ ኦን የሚባለው ኩባንያ የተነሣው ከዚያ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ፒተር ሮበርትስ የተባለው የ18 ዓመት ወጣት ታሪክ ነው። ሲርስ በሚባለው ትልቅ መደብር ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ቡሶላው በአንድ አውራ ጣት ተጭኖ ከጉጡ እንዲወድቅ የሚያደርግ ቁልፊት ፈለሰፈ። መደብሩ ሐሳቡን ከ10,000 ዶላር ባልበለጠ ገዛው፤ ቁልፊቷ ግን በብዙ ሚሊዮን ራቼት ላይ ተገጥማ ተሸጠች። ሰውዬው ፍርድ ቤት ሄዶ ከሃያ ዓመት ገደማ ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። እኛ አገር ቢሆን በሽማግሌ በሁለት ቅዳሜ ያልቅ ነበር፤ ግን 10,000ውንም አያገኝም ነበር።

ቁልፊቷ ጥሩ ፈጠራ ናት። ሆኖም ሮበርትስ የዘንዘልማን ቦይ አላየም። ጎረቤቴ ፓምፑን ሊፈታ ውሃ ላይ አጎንብሶ፣ ቁልፊቷ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ በአውራ ጣቱ ተጫናት። ቡሶላው «ጡብ» ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ የከፈለው ሽንኩርቱ ነው፤ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርድ የነበረው ውሃ ቆሞ ቦዩ እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ ልጆች ተሰማሩ፣ ሁለት የብር ሳንቲምና አንድ የጫማ ማንጠልጠያ ተገኘ። ቡሶላው አልተገኘም።

የጠፋው ቁጥሩ ስንት እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? 10 ነው። የሚጠፋው ምንጊዜም 10 ነው። ቶኪዮም ዲትሮይትም ጋራዥ ውስጥ የሚቀልዱበት ነገር ነው። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ 10 ነው፣ እንዲህ ያለ ብሎን ደግሞ ከመኪና እስከ ፓምፕ የሌለበት የለም። ብዙ የሚሠራ ብዙ ይወጣል፤ ብዙ የሚወጣ ብዙ ይጠፋል። ስለዚህ ምክሬ፦ ሙሉ ሣጥን የሚገዛ ሰው ሣጥኑን ከመዝጋቱ በፊት ለብቻዋ የምትሸጥ ሌላ 10 ይጨምር። አንዷ ለጎረቤት፣ አንዷ ሚስት ብቻ በምታውቀው የበርበሬ ጣሳ ውስጥ።

አሁን ወደ እጀታዋ እንምጣ፤ ራቼት የምትሞተው በእጀታዋ በኩል ነውና። ክንድ ተኩል ይሁን፣ ስንዝር ተኩል ይሁን የሚለው በሥራው ይወሰናል፤ ረጅሙ ጉልበት ይሰጣል፣ አጭሩ ጠባብ ቦታ ይገባል። 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል የሚጫን ሰው 75 ኒውተን ሜትር ገደማ ያገኛል። ይህ ለፓምፕም ለባጃጅም ከበቂ በላይ ነው። ተዋሹ ግን ብሎን እንቢ ሲለው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አንድ ሜትር የውሃ ቱቦ ፈልጎ እጀታው ላይ ያጠልቃል። ያው 30 ኪሎ አሁን አራት እጥፍ ሆኖ፣ 300 ኒውተን ሜትር ይዞ ይመጣል። የሚመጣው የት ላይ ነው? ያቺ ከክብሪት እንጨት የማትረዝም ሞላ በምትገፋት ምላስ ላይ። ከዚያ «ጭርጥ» ይላል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ከሌላ ድምፅ ጋር አያምታታውም። ጎረቤት ቱቦውን አውልቆ፣ ራቼቷን በጨርቅ ጠርጎ፣ በልጁ እጅ ይልካታል። ልጁ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አባዬ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።» ምላሷ እንደረገፈች የሚታወቀው ከሳምንት በኋላ፣ በባለቤቱ እጅ ላይ ነው። ከእሷ ጋር አብሮ የመጣው ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ደግሞ አፍ ያዘጋል።

የዛገ ብሎን ለራቼት አይሰጥም። ማታ ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር፣ ጠዋት ጥርስ በሌለው ጠንካራ እጀታ ማላቀቅ፣ ከላላ በኋላ ራቼቷን አምጥቶ መጨረስ ነው። የባሕር ዳር የቆዩ መካኒኮች ይህን በደንብ ያውቁታል። ከተማዋ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነበራት፤ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ከሆኑት ሁለቱ ተቋማት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ የወጡ አዛውንቶች መሣሪያ ሲያውሱ መሣሪያውን ብቻ አይሰጡም፤ አብረው ይሄዳሉ። በአክብሮት ነው የሚመስለው። በቱቦ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለዘንዘልማ ሰው ጥሩዋ ራቼት የቷ ናት? ሦስት ስምንተኛ፣ ባለ 72 ጥርስ፣ ክዳኗ ተከፋች፣ በጣት ስትሞከር የማትጎትት፣ ቡሶላዋ ስድስት ማዕዘን፣ ቁልፊት የሌላት። አጠገቧ ጥርስ የሌለው እጀታ ይቀመጥ፤ ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። ቱቦ ቢያጠልቅበትም የሚረግፍ ምላስ የለውም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጥሩዋ ራቼት የዕድሩ ራቼት ናት። ዕድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ሳህን አለው፣ ሁሉም በንብረት ያዥ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሰበረ ይተካል፣ ያዘገየ ይቀጣል። ማንም በዕድር ድስት ላይ ቱቦ አያጠልቅም። ታዲያ ቁልፍ ለምን አይመዘገብም? ይህን ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ላቀርብ አስቤአለሁ። ተቃውሞውንም ካሁኑ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ሽማግሌ ይነሡና «የዕድር ዕቃ ለለቅሶ ነው፤ ብሎን መፍታት ምን ለቅሶ ነው?» ይላሉ። እኔም «ጥር ላይ ሽንኩርትዎ መሃል ፓምፕ ቆሞብዎ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። ዝም ይላሉ፤ ቆሞባቸው ያውቃል። በእጅ ብልጫ ያልፋል። ግዢው ይፈቀዳል፣ መዝገቡ ይከፈታል፣ ቅጣቱ ይወሰናል። ዐሥሯን ማን ዘንድ እናስቀምጥ በሚለው ላይ ግን ጉባኤው ሳይስማማ እንደሚበተን እርግጠኛ ነኝ።